እግዚአብሔር ይስጥልኝ ስለ ማለትና ስለ ዕለት እንጀራ

በአገራችን ቋንቋ ሰው ላደረገልን በጎ ነገር ሁሉ የምንመልሰው ቃል እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚል ነው። ይህንንም ቃል ከእናታችን ጡት ጋራ የጠባነው ስለ ሆነ፥ ቆም ብሎ ትርጓሜውን የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ሆኖ፥ በአዳማ ከተማ ከጧት እስከ ማታ የዕዳና የዋስትና፥ የውልና የካሣ ወረቀት ስንጽፍና ስንገለብጥ የምንውል ስለ ሆንን፥ ይህን ቃል በሰማን ቍጥር አንድ የውል ወረቀት የተነበበልን ይመስለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚል ሰው፥ አንተ ያደረግህልኝን እኔ ልከፍልህ አልችልምና በእኔ ፈንታ እርሱ ይክፈልህ ማለቱ ነው። በቃሉ መጨረሻ ያለችው «ልኝ» የምትለው ቅጥያ ትንሽ ብትሆንም የነገሩ ሁሉ ኃይል በርስዋ ላይ ነው፤ ዕዳው ከተቀባዩ ትከሻ ወርዶ ወደ ላይ የሚተላለፈው በርስዋ ነውና። በ1952 ዓመተ ምሕረት በወጣው በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ባለዕዳ ዕዳውን ለሌላ ሰው አስተላልፎ ነጻ ልውጣ ቢል፥ ገንዘብ ጠያቂው ካልተስማማ አይሆንለትም። በዚህ በምስጋናው ውል ጠያቂው ወዲያው አሜን ብሎ ይስማማል። አንዳንዱም አብሮ ይስጠን ይላል፤ ይኸውም ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለአንተም ይድረስህ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ጠያቂ በፍርድ ቤት አይተነው አናውቅም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የተማርናቸው የውጭ አገር ቋንቋዎች ምስጋናን በሰጪና በተቀባይ መካከል ብቻ ጀምረው እዚያው ይጨርሱታል። በአዳማ ገበያ ከአማርኛው ጋራ ትከሻ ለትከሻ የሚሰማው ኦሮምኛ ገለቶሚ ይላል፤ የተመሰገንህ ሁን እንደ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ግን ዋቃን ጠርተው ነው። እንግዲህ በዚህ በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሽንኩርት ተሻሽጠው ሲለያዩ እንኳ ሦስተኛው ሳይጠራ አይለያዩም። ዳሩ ግን በአፍ የተጠራው ከፋይ በልብ ታምኖ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ መጠየቅ ይገባል። ከፋዩን ያመነ ባለዕዳ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል፤ እኛ ግን የወሩን ደመወዝ ከተቀበልንበት ቀን ጀምሮ የሚቀጥለውን እያሰብን እንቅልፍ የምናጣ ብዙዎች ነን።

ስለዚህ ነገር በስምጥ ሸለቆው ያሉ ከተሞች የሚያስተምሩት አንድ ትምህርት አለ። በየዓመቱ ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ሰሞን በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ኢሬቻ ይከበራል። ከአርሲና ከባሌ፥ ከወለጋና ከሐረርጌ፥ ከቦረናና ከጅማ የሚመጣው ሕዝብ ነጭ ለብሶ፥ እርጥብ ሣርና የመስቀል አበባ በእጁ ይዞ፥ ሣሩን በውሃው እየነከረ የክረምቱን ጨለማ አሻግሮ ለብርሃን ያበቃውን ፈጣሪውን ያመሰግናል። በዚያው ወራት ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ዘመነ ጽጌን ታከብራለች፤ ካህናቱም በየሳምንቱ ሌሊቱን በማሕሌት ቆመው ያነጋሉ።

አንባቢያችን ሆይ፤ ይህ ምስጋና የሚቀርብበትን ጊዜ እስቲ ልብ ብለው ይመልከቱት። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የገበሬው ጐተራ ሞልቶአልን? ከቶ አልሞላም፤ ይልቁንም ከዓመቱ ሁሉ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ይህ ነው። ያለፈው ዓመት እህል በነሐሴ ተሟጦአል፤ በሐምሌ የተዘራው ጤፍ ገና በማሳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይወዛወዛል። አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ እስከዚያም ድረስ ውርጭ አለ፥ በረዶ አለ፥ ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናብ አለ፥ አንበጣም አለ። በ2012 ዓመተ ምሕረት ወራሪው አንበጣ ከምሥራቅ መጥቶ በብዙ አገር የደረሰውን እህል እንደ በላው እናስታውሳለን። እንግዲህ ሕዝቡ የሚያመሰግነው ጐተራው ሞልቶ ጠግቦ ሳይሆን፥ አበባውን ብቻ አይቶ ነው። ፍሬ ሲገኝ ማመስገን ሒሳብ መዝጋት ነው፤ አበባን አይቶ ማመስገን ግን በፍርድ ቤት ቋንቋ ያለ መያዣ ማበደር ነው። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ሲሠሩ የቀን መቍጠሪያውን ሳያዩ የሠሩት አይመስለንም።

በዚያው ሐይቅ ዳር መስከረም 22 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት ለምስጋና የተሰበሰበው ሕዝብ በድንጋጤ ተጨናንቆ ብዙ ሰው አለቀ፤ የምስጋናውም ቀን የልቅሶ ቀን ሆነ። በዓመቱ ግን ሕዝቡ ሣሩን ይዞ ተመልሶ መጣ። ወዳጆቻቸውን በዚያ ቦታ ያጡ ሰዎች በዚያው ውሃ ሣር ነክረው ሲያመሰግኑ ማየት ለተመልካች እጅግ ከባድ ነገር ነው፤ እኛም ስለዚህ ብዙ ለመናገር አንደፍርም።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ፥ እግዚአብሔር ይሰጣልና ዝም ብለን እንቀመጥ ማለታችሁ ነውን ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። አይደለም። በመጽሐፍ እንደ ተማርነው፥ እስራኤል በምድረ በዳ መናውን የሚለቅሙት የዕለት የዕለቱን ነበር፤ ለነገ ብለው ያስቀመጡት ተልቶ አደረ። ዮሴፍ ግን በግብፅ አገር የሰባት ዓመት እህል በጐተራ አከማችቶ ሕዝብን ከሞት አዳነ። ሁለቱም በአንድ አምላክ ታምነው የተደረጉ ናቸው። በልጅነታችን የኔታን፥ ከሁለቱ ማንኛው ይበልጣል ብለን ብንጠይቃቸው፥ መናው የሚወርድ ከሆነ ልቀሙ፥ የማይወርድ ከሆነ ዝሩ ብለው መለሱልን። ከዚያም በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በዚህ ነገር ላይ የተጻፈ ረዥም መጽሐፍ አንብበን ነበር፤ ከየኔታ መልስ አልፎ የሄደ ሆኖ አላገኘነውም።

የመዝራቱንም ነገር ካነሣን፥ ከአዳማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ወደ ሞጆና ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው አገር የጤፍ አገር ነው። የአድአ ነጭ ጤፍ በአዲስ አበባ ጌቶችና እመቤቶች ማዕድ ምን ያህል እንደሚወደድ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ ከመሆንዋ የተነሣ አንድ ሺህ ፍሬ ቢመዘን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። አበባዋም ከዓይን የምታመልጥ ስለ ሆነች፥ ሁለት ዓይነት ጤፍን ማዳቀል የማይቻል መስሎ ብዙ ዘመን ኖረ። በ1967 ዓመተ ምሕረት ገደማ ዶክተር ታረቀ በርሄ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ የጤፍ አበባ በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደምትከፈት ተመልክተው፥ በዚያች ሰዓት ማዳቀል እንደሚቻል አገኙ። ከዚያም በኋላ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ያሉ ሊቃውንት መልኩ ነጭ የሆነውን ጤፍ ብዙ ምርት ከሚሰጠው ጋራ አዳቅለው፥ በ1998 ዓመተ ምሕረት ቍንጮ የተባለውን ዘር ለገበሬው አወጡ። እነሆ፥ ነጭነትና ብዛት በአንድ ዘለላ ተገናኙ።

ይህን የምንተርከው ስለ እርሻ ለማስተማር አይደለም፤ ይህስ የእርሻ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ነገር ግን በማለዳ ከጤፍ ማሳ ውስጥ ተንበርክኮ፥ ከዓይን የምታንሰውን አበባ በመርፌ ጫፍ የሚከፍት ሰው ካህኑ ኪዳን በሚያደርስበት ሰዓት መነሣቱን ስናስብ፥ በእግዚአብሔር መታመንና እጅን ለሥራ መዘርጋት ጠበኞች አለመሆናቸው ይገባናል። በማዕዳችን ላይ የተዘረጋውን እንጀራ በባረክን ጊዜ ይህን ሰው አስበነው እናውቃለንን?

ደግሞም ከምናማርረው ነገር ውስጥ በረከት ሲወጣ አይተናል። አዳማን የሚያውቅ ሁሉ ነፋስዋን ያውቃል። በበጋ ወራት አቧራው በመስኮት ገብቶ ከወጡ ላይ ያርፋል፤ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ተነሥቶ ከጎረቤት ግቢ ይገኛል፤ የከተማይቱም ሴቶች ነፋሱን የማይረግሙበት ቀን አልነበረም። በ2004 ዓመተ ምሕረት ከከተማይቱ አጠገብ ባሉት ኰረብቶች ላይ 34 ታላላቅ የነፋስ መዘውሮች ተተከሉ፤ በ2007 ዓመተ ምሕረት ደግሞ 102 ተጨመሩ። ሁሉም በአንድነት 204 ሜጋ ዋት የሚያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት የተሠሩ ናቸው። ከከተማይቱ በታች ያለው የቆቃ ግድብም በ1952 ዓመተ ምሕረት የተፈጸመው ኢጣልያ ስለ ወረራው ጥፋት በከፈለችው ካሣ ነው። ብዙ የካሣ ፍርድ ጽፈናል፤ የተከፈለው ካሣ ለማያውቁት ሰዎች ሁሉ መብራት ሲሆን ያየነው ግን በዚህ ብቻ ነው።

የውሃውን ነገር ስናነሣ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ጥቂት እንድንዘገይ አንባቢያችን ይፍቀዱልን።

በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የምድሩ ዓለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለ ሆነ፥ በጥልቅ ጕድጓድ የሚገኘው ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በወንጂ ሜዳና በሌሎችም የሸለቆው መንደሮች ከ10 ሚሊ ግራም ያለፈ የተገኘባቸው ጕድጓዶች አሉ። ይህ ነገር ዓይን አያየውም፤ ምላስም አይለየውም። በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዙ ዘመን የጠጣው ደግሞ አጥንቱ እየከበደና እየተያያዘ ይሄድና አንገቱንና ወገቡን ማጠፍ ይሳነዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ይህን ደዌ በስምጥ ሸለቆው ሕዝብ መካከል መርምረው ለዓለም ሊቃውንት አስታውቀዋል።

እኛም የተወለድነው ከነዚህ መንደሮች በአንዱ ነው፤ ጥርሳችንም ይመሰክራል። በትምህርት ቤት ፎቶግራፍ በምንነሣበት ጊዜ የመንደራችን ልጆች ሁላችን ከንፈራችንን ገጥመን ስለምንቆም፥ አስተማሪዎቻችን እጅግ ጭምት ልጆች እንደ ሆንን ይቈጥሩን ነበር። አባታችን ግን በጥርስ ብቻ አልቀረላቸውም። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሳይሞላ ወገባቸው እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብሎ ደረቀ። ዳዊት ደጋሚና ሰጋጅ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በሰሙነ ሕማማት ሌላው ሰው ሁሉ በምድር ሲወድቅና ሲነሣ እርሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመው፥ የሚታዘዝላቸውን ያህል ራሳቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ጫማቸውንም የምናስርላቸው እኛ ነበርን።

እኒህ ሰው ውሃ በጠጡ ቍጥር ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያመሰግኑ ነበር። ጕንጭ ውሃ ጠጥተው ያለ ምስጋና ጣሳውን ሲያስቀምጡ አይተናቸው አናውቅም። እኛ ግን በትምህርት ቤት የውሃውን ነገር በተማርንበት ዓመት ለዕረፍት ወደ ቤት ተመልሰን፥ ይህን ምስጋና በሰማን ጊዜ ልባችን ተቃጠለ። አባባ፥ የሚያመሰግኑበት ይህ ውሃ እኮ ወገብዎን የሰበረው ነው፤ ስለምን ያመሰግኑበታል? ብለን ጠየቅናቸው። አባታችን ቶሎ አልመለሱልንም። ጣሳውን አስቀመጡና ከጕድጓዱ በፊት ሁለት እኅቶች ነበሩህ አሉን።

ከዚያም እንዲህ ሲሉ አጫወቱን፤ ጕድጓዱ ከመቈፈሩ በፊት መንደሩ ሁሉ የሚጠጣው ከብት ከሚጠጣበት ከወንዙ ነበር። በአንድ ክረምት ተቅማጥ ገብቶ ሁለቱን እኅቶቻችንን በዘጠኝ ቀን ውስጥ ወሰዳቸው። በዓመቱ ጕድጓዱ ተቈፈረ፤ ከዚያ ወዲያ በቤታችን የተወለድነው አራት ልጆች አራታችንም አደግን። ያ ውሃ ወገቤን ወሰደ፥ አራት ልጆችም ሰጠኝ፤ እኔ ብጠየቅ ደግሞ በዚሁ ዋጋ እገዛው ነበር፤ ስለዚህ ነው የማመሰግነው፤ የምትችል ከሆነ ግን ተምረህ ለልጆችህ የተሻለ ውሃ ፈልግ አሉን።

ይህ መልስ ለሊቃውንት ይበቃ እንደ ሆነ አናውቅም። ከደብዳቤያችን ከመዝገባችን መካከል ተቀምጠን ብዙ ጊዜ መርምረነዋል። አባታችን ክፉውን ነገር ደግ ነው አላሉም፤ ደዌውንም የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብለው አልሸፋፈኑትም። የተሰጣቸውን በአንድ ዓምድ የተወሰደባቸውን በሌላ ዓምድ ጽፈው፥ ሁለቱንም ሳይፍቁ አመሰገኑ። ደግሞም ምስጋናቸው የተሻለውን ውሃ ከመሻት አላገዳቸውም። ዛሬ በአንዳንድ መንደሮች ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ አለ፤ ሌላውም ቦታ ውሃውን በመድኃኒት የሚያጣራበት ዘዴ አለ፤ የአዳማም ሕዝብ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣውን ይጠጣል። አባታችን በመጨረሻ ዘመናቸው ከእኛ ዘንድ ተቀምጠው የቧንቧውን ውሃ ለመጠጣት በቅተዋል። ቈጣሪውን አንብቦ ሒሳብ ሊጽፍ ለመጣው ሰውዬ እንኳ ከወንበራቸው ሆነው እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሉት። ሰውየው በዚያ ሥራው እንዲህ ተብሎ ስለማያውቅ ይመስለናል፥ ወረቀቱን ይዞ ለጊዜው ቆሞ ቀረ።

ስለ ውሃ ከተነሣ ከዝዋይ ወደ ደቡብ ያለውን የአብያታን ሐይቅ ያላየ ሰው ቢሄድና ቢያይ መልካም ነው። ወደ ሐይቁ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ለመስኖ ይቀነሳል፤ የሐይቁም ውሃ ሶዳ አሽ ለሚወጣበት ሥራ ሲቀዳ ኖሮአል። ዛሬ ሐይቁ ከቀድሞው ዳርቻው እጅግ ርቆ ሸሽቶአል፤ ውሃ በነበረበት ቦታ ነጭ ጨው የመሰለ መሬት ተዘርግቶ ይታያል። ጠባቂ እንደ ሌለው አደራ ያለቀ ነገር ነው። አመሰግናለሁ እያሉ የተሰጠውን መጨረስ ምን ዓይነት ምስጋና እንደ ሆነ አይገባንም።

በፍርድ ቤት የምናየው ችሎት ሁሉ ማለት ይቻላል የማይበቃው ሰው ክስ ነው። የድኻና የድኻ ሙግት ጥቂት ነው፤ ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት፥ ባልና ሚስት በአልጋና በቁም ሣጥን፥ ሽርካዎች በትርፍ የሚካሰሱት ይበዛል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን አንዲት አሮጊት እናት ልጃቸው ቀለብ እንዲቈርጥላቸው ከስሰው ቀረቡ። ልጁ ባለ ሱቅ ነው። ዳኛው ነገሩን መርምረው ልጁ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እንዲከፍል ፈረዱ። እናቲቱ ተነሥተው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው፥ ለዳኛው እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሉ፤ ቀጥለውም ወደ ልጃቸው ዞር ብለው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ አሉት። ልጁ በፍርድ ተገዶ የሚሰጠውን እርሳቸው በፈቃዱ እንደ ሰጠ አድርገው ተቀበሉለት። እኛ በመዝገቡ ላይ የጻፍነው የገንዘቡን ልክና የሚከፈልበትን ቀን ነው፤ ለሌላው ነገር በመዝገቡ ዓምድ የለውም። ልጁ ግን ከችሎት ሲወጣ የእናቱን ከዘራ ይዞላቸው ወጣ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ የዚህ ገጽ አንባቢዎች በተለይ የሚሹት ይህን ነውና።

በአንድ ወቅት ደመወዛችን ሁለት ወር ያህል ዘግይቶብን ነበር። ባለቤታችን በሰፈሩ ሱቅ በዱቤ ትወስድ ጀመር፤ የሱቁም ባለቤት ደብተሩን ሲከፍት ቀድሞ ፈገግ ይል የነበረው ማቀርቀር አመጣ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን፥ በርበሬ አስፈጭቼ ነበርና ቅመሱልኝ ብላ አንድ ቍና ያህል ላከችልን። ለቅምሻ የሚላክ በርበሬ ቍና አይሞላም፤ ነገሩን አውቃ ነው። የሰው ፊት እንዳይከብደን ስጦታዋን በቅምሻ ስም ሸፈነችልን። እንግዲህ ምእመናን የሰራፕታዋ መበለት ማድጋ እንዴት ሳይጐድል ሰነበተ እያሉ ይደነቃሉ፤ እኛም እንደነቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምናልባት እርስዋም ጎረቤት ኖሯት ይሆን እያልን እናስባለን። (ይህን ትርጓሜ ለአንድ መምህር ብንነግራቸው አልወደዱልንም።)

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በቤታችን አንድ ልማድ ቆሞአል። ማታ ከጸሎተ ማዕድ በኋላ ቍራሽ ከመቈረሱ በፊት በማዕዱ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ከትንሽ እስከ ትልቅ፥ በዚያ ቀን ስላገኘው አንድ ነገር ያመሰግናል፤ ሁለት ነገር መናገር አይፈቀድም፥ ወጡ ይቀዘቅዛልና። ትላንት የተባለውን መድገምም አይፈቀድም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ስለ ጤናና ስለ ሰላም ተናግረው ጨረሱ፤ የዚያን ጊዜ ዓይናቸውን ከፍተው መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የመጨረሻው ልጃችን አንድ ማታ ስለ ነፋሱ አመሰገነ፤ መብራት የሚያበራልን እርሱ ነው ብሎ በትምህርት ቤት ሰምቶ ነው። በማግሥቱ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስንበላ፥ ትላንት ያመሰገንኩትን መልሱልኝ ብሎ አሳቀን።

አንባቢዎቻችን በማዕርግና በሹመት ያሉ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ አንድ ነገር ቢነገራቸው እንደማይቈጡ ተስፋ እናደርጋለን። በብዙ ታላላቅ ቤት ተጋብዘን አይተናል። ጌታው ማዕዱን በረዥም ጸሎት ይባርካሉ፤ ሲነሡም አምላካቸውን ያመሰግናሉ፤ ነገር ግን ቆማ ያስታጠበቻቸው ልጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ስትወጣ አንድ ቃል የሚላት የለም። ጤፉን ለቅማ፥ ሊጡን አቡክታ፥ ከምጣዱ ጢስ ጋራ ታግላ እንጀራውን ያወጣችው እርስዋ ናት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚለው ቃል ወደ ሰማይ የሚሄደው በሰው በኩል አልፎ ነው፤ በሰጠው ሰው ፊት ካልተነገረ ወዴት ይደርሳል?

በእኛ ቤት ባለቤታችንን የምታግዝ አንዲት ልጅ አለች፤ ማታ ማታ የማታ ትምህርት ትማራለች። ትምህርት በማይኖርበት ቀን እርስዋም ከማዕዱ ትቀመጣለች፤ ተራዋ ሲደርስ ግን ለብዙ ጊዜ አንገትዋን ደፍታ እኔ ምንም የለኝም ትል ነበር፤ እኛም አላስገደድናትም። ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ ሳትጠየቅ ተናገረች። እናትዋ ያለችው በዶዶታ ነው፤ ዶዶታ ከአዳማ ሩቅ አይደለም፥ ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ የሚነፍገው ቆላ ነው። የዚያን ዓመት ዘሩ በደረቅ መሬት ተዘርቶ ሦስት ሳምንት ዝናብ ሲጠበቅ ቆይቶ ነበር። በከተማ ያለን እኛ ይህን አላወቅንም፤ ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ነበር የምናወራው። ልጅቱ እንጀራውን በእጅዋ እንደ ያዘች፥ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እናቴ ደውላ ዘነበ አለችኝ፤ ስልኩን ወደ ቆርቆሮው አስጠግታ ድምፁን አሰማችኝ አለች። ልጆቻችን እንዴት ዓይነት ድምፅ እንደ ነበረ ይጠይቋት ጀመር፤ ወጡም ቀዘቀዘ።